ለየሺ የበርበሬ መደብ ቡሬ ደርሼ ስመለስ

ከቡሬ ከተመለስሁ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ለአንዷ ስነግራት ሌላዋ ትመጣለች፤ ለሁለተኛዋ አሳጥሬ ስነግር ለመጀመሪያዋ አስረዝሜ እንደ ነገርሁ ትሰማና ትቀየመኛለች። ቅያሜዋም ልክ ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም እኩል እንዲደርሳችሁ ጻፍሁት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላም እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ለዚህ ይበቃል። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ልጆቹ ግን ከራሳቸው እንዳይጨምሩ።

የሄድሁት ለየሺ ነው። የሺ የልጅ ልጄ ናት፤ እናቷ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ከሄደች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ በመሆኔ "እማዬ" የምትለው እኔን ነው። ዓምና ቡሬ አካባቢ ካለ አንድ የግብርና ኮሌጅ ገባች። የኮሌጁን ስም አልጽፍም፤ ልጅቱ ገና አልጨረሰችም።

በጥቅምት መግቢያ ደወለችልኝ። "ጤፍ አጨዳ ላግዝሽ ልመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላም አልመለስም" አለች። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ለአረንጓዴ ጤፍ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ፣ የሆነውን እስክትነግረኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

የሆነው ይህ ነው። ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ መደብ ሰጥቶ በርበሬ አስተከላቸው። በመደቡ ላይ የቆመው በርበሬ ታይቶ ማርክ ይሰጣል። ኩትኳቶው ሲደርስ የሺና ሦስት ጓደኞቿ እንደ አገራቸው ወንፈል ገቡ፤ አንድ ቀን አራቱም የአንዷን መደብ፣ በማግሥቱ አራቱም የሌላዋን። ዕጣ ሲጣጣሉ የሺ መጨረሻ ወጣች። የሦስቱን ሠርተው እንደ ጨረሱ መምህሩ አብረው ሲወጡ አያቸውና፣ ሥራው የየራስ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም የማንንም መደብ እንዳይነካ ብሎ ከለከለ። በማግሥቱ የሺን ወባ ጣላት። ስትነሣ አረሙ ከበርበሬው በልጦ ነበር፤ መምህሩም ማርክ ሊሰጥ መጥቶ ነበር። ሦስቱ አለፉ። የሺ ኤፍ አገኘች። ይህን ትምህርት ያላለፈ ደግሞ ከክፍሉ ጋር አይቀጥልም።

ቅሬታ ያለው ተማሪ እስከ ዓርብ ማመልከት ይችላል። የሺ ግን አላመለከተችም። ለምን ስላት፣ "የሦስቱንም መደብ ሠርቻለሁ ብዬ ከተናገርሁ የእነሱም ማርክ ይሰረዛል" አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወንፈል ወጥቻለሁ። ወንፈል የወጣ ሰው ቀኑ ይመለስለታል፤ ቢታመም እንኳ ተራው አያልፍበትም፣ እሱ ተኝቶ ማሳው ይሠራለታል። ሦስት ቀን ሰጥቶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው በአገራችን አላየሁም።

ረቡዕ እነሣለሁ አልኋት። "መጥተሽ ግን ምንም አትናገሪም" አለች። መታመሟን ብቻ እንደምናገር ቃል ገባሁላት። ስገባላት ከልቤ ነበር።

ረቡዕ

ከቤታችን እስከ ደምበጫ ያለውን ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የማታውቁት ስለሌላችሁ አልገልጸውም። የያዝሁት አንድ ፌስታል በሶ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ ጋቢዬንና ጃንጥላዬን ነው። መናኸሪያ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ነው። ዛሬ ሰላም ነው አሉኝ። በዚህ ዘመን "ዛሬ" የምትባለው ቃል ከጠዋት እስከ ምሳ ታገለግላለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ልንነሣ ስንል ረዳቱ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፣ ሕፃን ያዘለች ሴት አምጥቶ ጠጋ በሉ አለን። ወንበሩ ለሦስት ነው አልሁት።

"እማማ፣ ሁላችንም ወገን አይደለን እንዴ?"

ወገንነቱን እንዳልካድሁ፣ ወንበሩ ግን ከወገንነታችን በፊት ተለክቶ የተሠራ መሆኑን ነገርሁት። ሴትየዋ ቆማ ትሂድ ነው የሚሉት አለኝ። አይደለም፤ እሷም ሙሉ ወንበር ይገባታል። የራሱን ወንበር አሳየሁት። ሰዉ ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞሮ አየ። ሴትየዋን እዚያ አስቀምጦ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ሄደ፤ እኔን ላለማየት በመስኮት በኩል እየተመለከተ። ሕፃኑ አንድም ጊዜ አላለቀሰም።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሾፌሩ ነዳጅ ሳልቀዳ ቡሬ አልሄድም አለ። ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ መንገዱን ይዞ ይሄድና መጨረሻው ታጥፎ አይታይም። አንድ ሰዓት አይፈጅም አሉን። ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን። እኛ አገር ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲረዝም ሰው እህሉን አስቀምጦ ጉዳዩን ሊፈጽም እንደሚሄድ፣ እዚህም ከፊታችን ከቆሙት መኪኖች ግማሾቹ ሾፌር አልነበራቸውም። ልዩነቱ ወፍጮው መፍጨቱ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሾፌራችን የነገ ሰው ይበለን ብሎ አወረደን።

ለየሺ ደወልሁ። እሷም ፍኖተ ሰላም የሐያት እናት ቤት እደሪ አለችኝ። ሐያት ከሦስቱ ጓደኞቿ አንዷ ናት። ሌላ ቤት የለም ወይ አልኋት። "የለም" አለች፤ "እነሱም ስለ እኔ ማርክ ምንም አያውቁም፤ ቃልሽን አትርሺ።"

የሐያት አባት አቶ ሰይድ በመንገዱ ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ በር ላይ ተቀብላኝ ጉንጬን ስማ አልጠግብ አለች። የሺን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አሳድራታለች፤ እኔን ግን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። የእኛ መደብ ስትቀመጡበት ያስቀምጣችኋል፤ ሶፋ ግን ይውጣችኋል። ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እነሱም ሁለት ሆነው አነሡኝ።

ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ሁለታችንንም ገላገለን። ሥጋ ልታቀርብልኝ አልቻለችም፣ እኔም ሥጋሽን አልበላም ማለት አልነበረብኝም፤ ሽሮ በላን። እየበላሁ ሳለ ስልኳን አውጥታ የሐያትን መደብ ፎቶ አሳየችኝ። "እማማ ጥሩ፣ ይህን ይመልከቱ" አለችኝ በስሜ ጠርታ። "የከተማ ልጅ እኮ ናት። እኔ እቤት ውስጥ መጥረጊያ አስነሥቻት አላውቅም። ከክፍሉ ሁሉ በላጭ ማርክ ነው ያገኘችው።" አቶ ሰይድ ፎቶውን አስፍቶ ለደንበኞቹ ሱቅ ውስጥ ሊሰቅለው እንዳሰበ ነገረኝ።

ፎቶውን አየሁት። በርበሬው ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩ ግንዱን አቅፎታል። የየሺ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ጥሩ በርበሬ ነው አልሁና ሽሮዬን በላሁ። በሕይወቴ ከበላሁት ሽሮ ሁሉ ለመዋጥ የከበደኝ እሱ ነው። ሽሮው ግን ጥሩ ነበር።

አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እምቢ ብልም አልሰማችኝም፤ እሷና ባሏ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኙ።

ሐሙስ

ጠዋት ዘይነባ ሁለት ሳሕን ቋጥራ ሰጠችኝ፤ አንዱ ለሐያት፣ አንዱ ለየሺ። ውስጡ ሩዝና የተጠበሰ ድንች ነው። ሁለቱን በሁለት እጄ መዘንኋቸው። እኩል ናቸው። አንዱ ቢያንስ ኖሮ መንገዱ ይቀለኝ ነበር።

ነዳጅ ያገኘ ሌላ ሚኒባስ ተገኝቶ ሦስት ሰዓት ላይ ቡሬ ገባሁ። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ነች፤ ወደ ነቀምት የሚሄደው መኪና፣ እህል የጫነው አይሱዙ፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያ ይገናኝና ማን ይቅደም ይባባላል። የሚቀድመው ክላክሱ የጮኸው ነው። ከዚያ በባጃጅ ኮሌጁ በር ደረስሁ።

በሩ ላይ አቶ ካሤ የሚባል ጠባቂ ፌስታሌን ከፍቶ አየ። ዱቄት አይገባም አለኝ። ዱቄት ሳይሆን በሶ ነው አልሁት። በሶ ዱቄት አይደለም ወይ አለኝ። ሳስበው እውነቱን ነው። የሌላ ሰው ዱቄት ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የማንም አይገባም፤ ባለፈው ሳምንት የአንድ ቄስ ልጅ በሶ መልሻለሁ አለኝ። እንግዲያው ልክ ነው ብዬ በሶዬን ይዤ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቶ ነበርና ግራ ገባው። ጥቂት ቆይቶ የራሱን ወንበር አመጣልኝ። ከዚያ የሺን አስጠራልኝ። በመጨረሻ በሶውን እሱ ጋ አስቀምጬ፣ የሺ በፈለገች ጊዜ በሩ ላይ እየወጣች በጥብጣ እንድትጠጣ ተስማማን። ለእሱም ኩባያ ተፈቀደለት።

የሺ ከስታለች። ወባው ጉንጯን ወስዶታል። አቅፋኝ ቆየችና የመጀመሪያ ንግግሯ፣ "ሐያት ቤት ምን አልሽ?" የሚል ነበር። ሽሮ በላሁ አልኋት።

ዶርሙን አሳየችኝ። በአንድ ክፍል ስምንት ልጆች በተደራረበ አልጋ ይተኛሉ፤ የሺ ላይኛው ላይ ናት። እኛ ቤት እንዲህ የሚያድሩት ዶሮዎች ናቸው፤ ላይ ያለችው ስለ ታችኛዋ አትጨነቅም። እዚህ ግን ላይኛዋ ስትወርድ ታችኛዋን ይቅርታ ትላለች። ምግብ ቤቱን በመስኮት አየሁት። ከሰፈራችን ሕዝብ የሚበልጥ ልጅ ተሰልፏል፤ ወጥ የምታወጣው ሴት ግን ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ጭልፋ ነው የምታወጣው፤ ጭልፋውን ጨምሪ ያላትን ቀና ብላ እንኳ አታየውም። የሺ ያመጣችልኝን ወጥ አልወደድሁትም። ሴትየዋን ግን ወደድኋት።

ለሐያት ሳሕኗን ሰጠኋት። ቀጭን ልጅ ናት፤ እጄን ሳመችና ዓይኔን ሳታይ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ከየሺ ጋር በግቢው ዛፎች ሥር ተቀመጥን። ቅሬታ የሚሞላበትን ወረቀት አምጥታ ነበር፤ ባዶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ስለ ማርኩ ሳይሆን ስለ መንገዱ አወራችኝ።

"ደምበጫ ስሳፈር የእማማ ጥሩ ልጅ ነኝ" አለች። "ፍኖተ ሰላም ስደርስ የደምበጫ ልጅ እሆናለሁ። እዚህ በሩን ስገባ ቁጥር ነኝ፤ መታወቂያዬን ካልያዝሁ ራሴም እኔ መሆኔን ማስረዳት አልችልም። ለዕረፍት ስመለስ ደግሞ ሌላ ነኝ። ዶማ ሳነሣ፣ ተይው አንቺ ተማሪ ነሽ ትሉኛላችሁ። ወንፈሉ ላይ ስመጣ ወንበር ታመጡልኛላችሁ።"

እውነት ነው። ባለፈው ክረምት ወንበር ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

"ዶማ አንሥቼ ማንም ተይው ያላለኝ ከእነዚህ ሦስቱ ጋር ብቻ ነው። እነሱን ካጣሁ ማርኩ ምን ያደርግልኛል?"

"ማርኩን ካጣሽስ እነሱን የት ታገኛቸዋለሽ?" አልኋት። "እኔ ጋ ጤፍ ስታጭጂ?"

 ወረቀቱ ላይ የታመመችበትን ቀን ብቻ ጽፋ ፈረመችበት። ዓርብ ጠዋት መምህሩን መደቡ ላይ እንድናገኘው ተቀጠረ።

እንግዳ ዶርም አያድርምና ወዴት እንደምሄድ ሳስብ አቶ ካሤ ተረኛውን ተክቶ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእሱና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ትኖራለች። ልጆቹን ወደ አንድ ጥግ ጠቅልላ ግማሹን ክፍል ለእኔ ሰጠችኝ። ግማሽ ለአንድ ሰው፣ ግማሽ ለአምስት፤ ይህ ልክ አይደለም ብዬ ተከራከርሁ። እንግዳ ነዎት አለችኝ። በዚህ አገር እንግዳ ከሆኑ በኋላ ስለ ፍትሕ የሚሰማዎት ሰው የለም።

ዓርብ

መደቡ ላይ ቀድሜ ደረስሁ። የየሺ የትኛው እንደሆነ ማንም ሳያሳየኝ አወቅሁት። መልካም በርበሬ በቆመባቸው መደቦች መካከል አንድ አረም የበላው መደብ አለ። ዝም ብዬ ልቆም አስቤ ነበር። አንድ ሙጃ ነቀልሁ። ከጎኑ ያለችውን ትቶ መሄድ አይቻልም። እንዲህ እንዲህ እያለ መምህሩ ከየሺ ጋር ሲደርስ ረድፉ መጨረሻ ላይ ነበርሁ።

"እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

ምንም አልሁት። አንድ እቅፍ አረም ይዤ ነበር።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ከልጆቼ ሁሉ ያንሳል፤ መምህር በመሆኑ ግን አንቱ አልሁት። ሌላ ሰው መደቡን መንካት ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ማርኩ ከተሰጠ በኋላ ስለሆነ ግድ የለም አለና አረሙን ተቀብሎኝ ራሱ ወስዶ ጣለው። ክፉ ሰው አይደለም።

ለየሺ ጤና ጣቢያ የሰጣትን የወባውን ወረቀት አየ። ወረቀቱ የሚለው የሁለት ቀን ሕመም ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀኖች የሺ ዶርም ተኝታ ነው ያሳለፈቻቸው። በዚያ ሳምንት ሌሎቹ ሁሉ እንደ ጨረሱ፣ ከሕመሟ በፊትም ሦስት ቀን እንደ ነበራት፣ በእነዚያ ሦስት ቀኖች መደቧን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልነካችው ነገረኝ። ወደ የሺ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ፣ ለእናት እንደሚነገረው ቀስ ብሎ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ የሺ አእምሮዋ ጥሩ ነው፣ እጇ ግን ሰነፍ ነው" አለኝ።

የሺ መሬት መሬት ታያለች። ቃል ገብቼላታለሁ። ቃሌን እንደ ያዝሁ እስከ አምስት ያህል የሚቆጠርበት ጊዜ ቆየሁ።

"መምህር፣ ከእኔ ጋር ይምጡ" አልሁት።

የሺ ግራኝ ናት። ሰው ሲኮተኩት አፈሩን ወደ ግንዱ ያስጠጋል፤ በቀኝ የሚቆፍረው ከአንድ ወገን ይቆልለዋል፣ በግራ የሚቆፍረው ከሌላው ወገን። እኛ ማሳ ላይ አሥር ሰው ቢሰለፍ የሺ የሄደችበትን ረድፍ እለየዋለሁ፤ እዚያም ለየሁት። በመጀመሪያው መደብ ላይ ሁለት ረድፍ አሳየሁት። በሁለተኛው ላይ ሁለት። በሐያት መደብ ላይ ሦስት። የሺ "እማዬ፣ እባክሽ" ትላለች ከኋላዬ። መምህሩ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ሌላው መደብ ሄዶ ዳሰሰ። ዶማ አስመጥቶ የሺን አንድ ክንድ ያህል አስቆፈራት፣ አየውና ተነሣ።

"እነዚያ ሦስት ቀኖች እዚህ ናቸው" አልሁት። "አሁን እጇን ምን እንደሚሉት ይንገሩኝ።"

"እጇ ሰነፍ አይደለም" አለ። ሱሪውን አራገፈ። "ግን እማማ፣ ይህ ማለት አራቱም ደንብ ጥሰዋል ማለት ነው።"

ይህን አላሰብሁበትም ብል ውሸት ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ሳስበው ነበር፤ ሰነፍ ናት ሲል ጠፋኝ።

ሦስቱ ተጠሩ። ሁለቱ እግራቸውን እያዩ ቆሙ፤ አንደኛዋ ብርቱካን የምትባለው ከየሺ ፊቷን አዞረች። መምህሩ እነዚህ ረድፎች የማን ናቸው አለ።  ሐያት መደቡ ውስጥ ገባች፣ የየሺን ረድፍ አሳየች፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት በዳር ወዳለው ረድፍ ሄዳ ቆመች። "ይሄኛው ብቻ ነው የኔ" አለች።

የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባን። ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ ወንፈል ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ምን ይደረግ ይላሉ አለኝ። አራት ሰው እኩል ሠርቶ ሦስቱ አልፈው አንዷ መውደቅ እንደሌለባት ነገርሁት። ወይ አራቱም ይለፉ፣ ወይ አራቱም ይውደቁ።

"የልጅ ልጅዎ ብትወድቅም?"

"ብትወድቅም።"

 

ወጥታችሁ ጠብቁ አሉን። ዓርብ ስለሆነ ሳልበላ ስምንት ሰዓት ድረስ ጠበቅሁ። ልጆቹ አራቱም በአንድ ግንብ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የአራቱም ማርክ ተሰረዘ፤ የየሺም ኤፍ አብሮ ተሰረዘ። ከኅዳር ጀምሮ አራቱም በመስኖ አንድ አንድ የሽንኩርት መደብ ይይዛሉ፤ በየቅዳሜው፣ በየእሑዱና በዕረፍታቸው ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን። ያለፈች ትቀጥላለች። ያላለፈች አትቀጥልም።

እኩል ነው። ከአራቱ አንዷም አላመሰገነችኝም።

ቅዳሜ

የሺ ባጃጁ ድረስ ሸኘችኝ።  ማታ ብርቱካን አልጋዋን ቀይራ ሌላ ክፍል እንደ ገባች ነገረችኝ፤ ሌላዋ ታነጋግራታለች፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ምን ልበላት? ጥፋቱ የኔ ነው አልኋት። አዎ አለች። ቃሌን በማፍረሴ ይቅርታ እንደምጠይቃት፣ ረድፉን በማሳየቴ ግን እንደማልጠይቃት ነገርኋት።

"ሁለተኛ ኮሌጅ እንዳትመጪ" አለችኝ ባጃጁ ሲነሣ። ከዚያ እየተከተለች፣ "ስትደርሺ ደውዪ፤ ሽንኩርት ስንት ጊዜ ውኃ እንደሚጠጣም ጠይቂልኝ" አለች። ትቀጥላለች ማለት ነው።

ሐያት ባዶዎቹን ሳሕኖች ይዛ ቡሬ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ነበር። ለእናቷ በስልክ ልትነግራት ሞክራ አልቻለችም። "እርስዎ ይንገሩልኝ" አለችኝ። "ከእርስዎ ከሆነ አትጮኽም።" ለጩኸቷ እንኳ ደንታ አልነበረኝም። የፈራሁት ሶፋው ላይ አስቀምጣኝ እንዳትስመኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ዘይነባ ስማ ተቀበለችኝ፣ ሶፋው ላይም አስቀመጠችኝ። እንቁላል ጠበሰችልኝ፤ መጥበሻውን ከክርስቲያን ጎረቤቷ ለእኔ ብላ ተውሳ ነበር። መብላት ሳልጀምር ነገርኋት። ወንፈሉን፣ ዕጣውን፣ ወባውን፣ ፎቶው ውስጥ ያለው የማን ድካም እንደሆነ፣ ሐያት በጥር ለዕረፍት እንደማትመጣ፣ ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ጭምር። ረቡዕ ዕለት እያወቅሁ ሽሮዋን በልቼ ዝም ማለቴንም ነገርኋት።

ዘይነባ አልጮኸችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ሱቁ የሚያስገባውን መጋረጃ ታያለች። በሱቁ በኩል አቶ ሰይድ ለአንዲት ሴት ጨርቅ ሲለካ ድምፁ ይሰማል። ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ስገባ አይቼዋለሁ።

"ያ ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"የአራቱም ሥራ ነበር። የራሷም አለበት።"

"የራሷም?"

"አንድ ረድፍ። ራሷ ገብታ ለመምህሩ አሳየችው። ማንም አልጠየቃትም።"

ወደ እኔ ዞረች። "ሐያት? ዶማ ይዛ?"

"ዶማ ይዛ።"

"አዩት ረድፉን?"

አየሁት አልኋት።

"እንዴት ነው?"

እንቁላሏን ፊቴ አድርጌ መዋሸት አልቻልሁም። "ጠማማ ነው" አልኋት። "ሁለት ቦታ ላይ አረሙን ትታ በርበሬውን ቆርጣዋለች። ግን ጥልቅ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሄዳለች። እጁ የተላጠ ሰው የሚያቆምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ አላቆመችም።"

ዘይነባ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች። ባሏን ደንበኛዋን ትቶ እንዲመጣ ጠራችው። ቆይ እየለካሁ ነው አላት። አሁን ና አለችው። ጨርቁን እንደ ያዘ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ለእሱም ይንገሩት" አለችኝ። "ከጠማማው ይጀምሩ።"

ከጠማማው ጀመርሁ።